አዋሳኝ

አረንጓዴዋን ደብተር ከቆርቆሮው ሣጥን አውጥቶ፥
አቧራዋን በክርኑ ጠርጎ፥ ወደ አምፖሉ ተጠግቶ፥
«አንብቢልኝ» አለ አባቴ።
ፊደል አልቆጠረም ጋልፋቶ፤ መሬቱን ግን በእግሩ ያነባል፤
የቱ ጋ ድንጋይ እንዳደፈጠ፥ የቱ ጋ ውሃ እንደሚተኛ በጨለማም ያውቃል።

«በምሥራቅ፥ አርፋሶ ዳንግሶ።»
«ሄዷል» አለ፥ «ቤቱን ለእህቱ ጥሎ፤
ጆበርግ ሳሙና ይሸጣል አሉ፥ በብረት ፍርግርግ ራሱን ቆልፎ ውሎ። ቀጥይ።»
«በምዕራብ፥ መንገድ።»
ሳቀ። «ያኔ መንገድ ማለት አንዲት ላም ከነጥጃዋ ነበር፤
ዛሬ ሲኖትራኩ በሌሊት አሸዋ ጭኖ ሲያልፍ
ሚስማር ላይ የሰቀልኩት ኮት ብቻውን ይጨፍራል።»
«በደቡብ፥ ወንዝ።»
እዚህ ላይ ማናችንም ምንም አላልን፤
በበጋ፥ ጄሪካን ይዘን የምንፈልገው እኛው ነን።
«በሰሜን፥ ሀመሶ ቡሪሶ።»
«እሱስ አለ፤ እሱ እንኳ የትም አይሄድ፤
ከገዛ እንሰቱ ሥር ከተኛ ይኸው አራት ዓመቱ።»

በዚያው ሣጥን፥ ከደብተሯ ጎን፥ ሌላ ደብተር አለ፤
ገና ሙጫ ሙጫ የሚሸት፥ ያልታጠፈ፥ ያልቆሸሸ፤
የወንድሜ የሌዳሞ ፓስፖርት።
«የትውልድ ቦታ፥ ሐዋሳ» ይላል።
ሐዋሳ አይደለም የተወለደው፤
ከቱላ ገበያ ወደ ላይ፥ ባጃጁ በጭቃ እምቢ ብሎ
ሰው አውርዶ ከሚመለስበት፥ ከዚያም አልፎ ነው።
ከተማው በአስፋልት ሳይደርስብን
በወረቀት ደረሰብን።

እኔ ፓርኩ ውስጥ እጅጌ እሰፋለሁ፤
ቀኑን ሙሉ እጅጌ፥ ግራ ግራውን ብቻ።
ቀኙን የምትሰፋዋን ልጅ ስሟን አላውቅም።
ሸሚዙ ባሕር ይሻገራል፤
እኔ በሰርቪስ ቱላ እወርዳለሁ።

ደላላው እቤታችን መጥቶ መንገዱን በጣቱ ቆጠረ፤
«ሞያሌ። ናይሮቢ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት።»
«ሌሊት ሌሊት የሚባለው አገር» አለች እናቴ፥
«ስንት ቀን ያስኬዳል?»
ማንም አልሳቀ።

መሬት አይሸጥም ይላል ሕጉ።
እኛም አልሸጥንም።
«ብድር» ብለን ጻፍን፤ አንድ ፊርማ፥ ሁለት አሻራ፥
ከላይ የሌለ ወለድ፥ ከታች የማይመጣ ቀን።
ገዢው፥ ኧረ አበዳሪው፥ ከሐዋሳ በፒክአፕ መጣ፤
ጫማውን ፌስታል አልብሶ አቮካዶዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤
እንሰቱን አልቆጠረም።
እናቴ ግን ቆጥራዋለች፥
እሱ ሳይመጣ፥ በዋዜማው፥ እየነካች።

ማታውን አባቴ ፓስፖርቱን አነሣ፤
«ይሄኛውንም አንብቢልኝ።»
ገለበጥኩ፤ ባዶ ገጽ፥ ባዶ ገጽ፥ እንደ ጥላ የደበዘዘ ሥዕል፥ ባዶ ገጽ።
«አዋሳኙ ማነው?»
«የለውም፥ አባ።»
«በምሥራቅም?»
«በምሥራቅም።»
«ታዲያ» አለ ወደ ሌዳሞ ዞሮ፥
«አዋሳኝ በሌለው አገር ላምህ ብትጠፋ
ማን ነድቶ ይመልስልሃል?»
ሌዳሞ የስልኩን ቻርጀር እየጠቀለለ ነበር፤
ጠቀለለ፥ ፈታ፥ እንደገና ጠቀለለ።

ሐሙስ ሄደ።
ከሞያሌ ደወለ፤ ድምፁ ንፋስ ንፋስ ይላል፤ «ደረቅ ነው አገሩ» አለ።
ከዚያ ወዲህ የምትመልስልን ያቺ ሴት ናት፥
የማትቆጣ፥ የማትደክም፥ ቁጥሩ አይሠራም የምትል።

አሁን በስተሰሜን የሽቦ አጥር አለ፤
በአጥሩ ማዶ የእኛ አቮካዶ ያፈራል።
እሑድ እሑድ፥ ራት ከተነሣ በኋላ፥
አባቴ አረንጓዴዋን ደብተር ያወጣል።
በደብተሯ ውስጥ ምንም አልጎደለም፤
አርፋሶ ቤቱ ነው፤ ሀመሶ አልሞተም፤
መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ።
አነብለታለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ ጣት መሬቱን እየመታ ይሰማል።

ትናንት ጊደሯ በሽቦው ሥር ሾልካ ገባች፤
አባቴ ከደጅ ሆኖ ጮኸ፤
«ኧረ ድረሽ ልጄ! ገባች! ከሌዳሞ በኩል!»
ከሌዳሞ በኩል።
ሮጥኩ፥ ሽቦው ቀሚሴን ይዞ ቀደደው፤
ግራ እጅጌዬን።